የወረቀት ኩባያ

ሲወድሽ የከረመ ሰው አንድ ቀን ማለዳ ተነስቶ «እንደምን አደሩ» ቢልሽ ምን ይሰማሻል? እስቲ እጅሽን ልብሽ ላይ አድርጊና መልሺልኝ። ስድብ ቢሆን አጸፋውን ትመልሺለታለሽ። ኩርፊያ ቢሆን ታባብይዋለሽ። እንዲህ ዓይነቱ አክብሮት ግን ምንም መላ የለውም። መረዋ ማክሰኞ ጠዋት የቀረጻ ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ የገጠማት ይኸው ነበር።

«እንደምን አደሩ» አላት ጸጥታ፣ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መስታወት ወዲያ ገመድ እየጠቀለለ። ቀና ብሎም አላያት።

«ደኅና» አለች።

ሁለቱም ስማቸው ይህ እንዳይመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅበት ክፍል አለው። እሷ አንባቢ ናት፤ ድምፅዋ ስለሚጥም ሁሉም መረዋ ይላታል። እሱ ድምፅ ቀራጺ ነው። ንባብ ባለቀ ቁጥር «ጸጥታ!» ብሎ ስለሚያዝ ስሙ ጸጥታ ሆኖ ቀረ። ነገሩ የሥራው ግዴታ ነው፤ ማንኛውም ክፍል ሰው ዝም ሲልበት የራሱ የሆነ ድምፅ አለው፣ ያንን ቀድቶ ካላስቀመጠ፣ በኋላ ንባቡን ሲቆርጥና ሲቀጥል ስፌቱ ይታወቅበታል። ስለዚህ ከየንባቡ በኋላ ሁለቱ ምራቅ እንኳ ሳይውጡ፣ ወንበር ሳያንቋቁ፣ መስታወቱን መሐል አድርገው ይቀመጣሉ። በዚያ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ነገር መተያየት ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲያወራ ይዋደዳል፣ እነሱ ደግሞ ዝም ብለው ተዋደዱ።

ክፍሉ ድሮ የወንበር ማከማቻ ነበር። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ አየር ስለሌለው ከሰዓት በኋላ ይታፈናል። አንባቢ አፉ ሲደርቅ ማይክሮፎኑ የምላሱን መላቀቅ ሳይቀር ይሰማበታል፣ ለዚህም መድኃኒቱ አረንጓዴ ፖም ነው። ጸጥታ ሁልጊዜ አንድ ፖም በኪሱ ይዞ ይመጣና በስሱ በስሱ ቆርጦ፣ በናፕኪን ላይ ደርድሮ ያስቀምጥላት ነበር። ዛሬ ፖሙ ሳይቆረጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ቢላዋው አጠገቡ።

«ድምፅ ልይ» አለ በማዳመጫዋ ውስጥ። «ቁርስ ምን እንደበሉ ይንገሩኝ።»

ድምፅ ለመለካት ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንድ ዝሆን በላሁ፣ ኩምቢውን ላንተ አስቀምጫለሁ» ትለው ነበር፣ እሱም ሳቁን ለመደበቅ ወደ መሣሪያዎቹ ያቀረቅር ነበር።

«ዳቦ» አለች።

«ይበቃል።»

ቀይ መብራቱ በራ። የሚቀዱት መጽሐፍ አንዲት አሮጊት ሰባኪ ስለ ዘር፣ ስለ እምነትና ስለ ፍትሕ የጻፈችው ነው። ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን ስለ ፍቅር ሰብካ፣ በስተርጅና ቤቷን ዞር ብላ ስታይ ያገኘችውን ጉድ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። መረዋ ይህን መጽሐፍ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትወደው። በእርሳስ ያላሰመረችበት ገጽ የለም፤ ያላዋሰችው ዘመድ፣ ያልተከራከረችው ሰው የለም። የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ርእሱም «ማዕድ» ይላል።

«ወንድሜ ብዬ የምጠራው ሰው» ብላ ጀመረች፣ «በቤቴ ጸልዮአል፤ በቤቴ ዘምሯል፤ በሳህኔ ግን በልቶ አያውቅም።»

«ይድገሙልኝ» አለ።

ደገመችው።

«ከላይ ይድገሙልኝ።»

አሁንም ደገመችው። ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይሰበር፣ ልክ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ወጣ። ጸጥታ ግን ጣቱን ማቆሚያው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ቀይ መብራቱ ጠፋ።

የሆነውን ለማወቅ ወደ እሑድ መመለስ አለብን።

የጸጥታ ቅድመ አያቶች ወደዚህ አገር በገዛ እግራቸው አልመጡም፤ ተሸጠው ነው የመጡት። መልኩ ከመረዋ መልክ ይጠቁራል። ወገኖቹን ሰዎች በምን ቃል እንደሚጠሯቸው እዚህ አልጽፍም፣ ሁላችሁም ቃሉን ከነጣዕሙ ታውቁታላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ከሁሉም ጋር ይዘምራል። ሲዘምር የሚከለክለው የለም። ሴት ልጁን የሚድርለት ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

መጽሐፉን በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ የሚወያይበት አንድ የምእመናን ቡድን አለ፤ ቤት ለቤት እየዞረ ነው የሚሰበሰበው። ተራው የመረዋ እናት ቤት ነበር። መረዋም ለጸጥታ አፏን ሞልታ «እሑድ ና። ለእማዬ ማን እንደሆንክ እነግራታለሁ» አለችው። እሱ አዲስ ሸሚዝ ገዛ። ገዝቶም በማሸጊያው የታጠፈበት መስመር እንዳይታወቅበት ደጋግሞ ተኮሰው።

በመረዋ ቤት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ተሰቅሏል። ማን እንደሰቀለው አይታወቅም። የጸጥታ ወገን የሆነ ሰው፣ ልብስ አጣቢም ትሁን ዕቃ ተሸካሚ፣ ውሃ ሲለምን የሚሰጠው በዚያ ነው። ስለ ኩባያው በቤቱ ውስጥ አንድም ቀን ተወርቶ አያውቅም። እናትዬዋ የሴቶች ጸሎት መሪ ናቸው፤ ለጠማው ሰው ውሃ ከልክለው አያውቁም። ይህንንም ከልባቸው ያምናሉ።

መረዋ እሑድ ማለዳ ስለ ኩባያው ስታስብ ላብ አጠመቃት። እናቷ ለጸጥታ በዚያ ሻይ ብትሰጠውስ? «እማዬ፣ ተይ» ብትላት ደግሞ ለምን ልትል ነው? ወጥ ቤት ገብታ ኩባያውን እንዳትደብቀው እናቷ ትጠይቃለች። ስታስብ ስታስብ አንድ ብልሃት ብልጭ አለላት። ሱቅ ሄዳ የወረቀት ኩባያ በፌስታል ሞልታ መጣች። ሁሉም በወረቀት ከጠጣ ማንም ከማንም አይለይማ! ቤት እስክትደርስ በራሷ ብልጠት ፈገግ እያለች ነበር የመጣችው።

«እናንተ ቤት ብርጭቆ የለም እንዴ? ወይስ ሽርሽር ላይ ነን?» ብላ ቀለደች ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት። ሰው ሳቀ። ጸጥታም አብሮ ሳቀ፤ እሱ ገና አልገባውም ነበር።

መረዋ ያን ቀን ያነበበችው በመካከላችን ስለቆመው ግድግዳ የሚናገረውን ክፍል ነው። ብታዩዋት! ሰው ሁሉ መሐረቡን አወጣ። እናትዬዋ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሻይ ሲያልቅ ጸጥታ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ስለሆነ፣ ትሪውን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

መረዋ ተከትላው ስትገባ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ አገኘችው። በመስታወቱ በኩል ወርቃማ ከንፈር ያላቸው ብርጭቆዎች፣ ታጥበውና ተወልውለው፣ ተደርድረው ይታያሉ። ቀስ ብሎ ዞረና በሩ ጀርባ ያለውን ምስማር አየ። ከዚያ በእጁ የያዘውን የወረቀት ኩባያ አየ።

«ይሄ ሰማያዊው የማን ነው?» አላት።

«የማንም አይደለም።»

እናትዬዋ ያን ጊዜ ከኋላ ደረሱ። «ይሄ ልጅ ማነው?» አሉ፣ በጨዋ ደንብ፣ ክፋት ሳይታይባቸው።

እነሆ ሰዓቱ። መረዋ ስትለማመደው የሰነበተችው ቃል ነበር፤ አልጋዋ ላይ ሆና፣ መንገድ ላይ፣ መስታወት ፊት። አፏን ከፈተች።

«ድምፅ የሚቀዳልን ሠራተኛ ነው፣ እማዬ። የቤተ ክርስቲያን።»

ዶሮ አልጮኸም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበርና። ጸጥታ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አዎ እትዬ፣ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በአዲሱ ሸሚዙ፣ በጓሮ በኩል ወጣ።

እንግዲህ ማክሰኞ «እንደምን አደሩ» የተባለችው ለዚህ ነው።

«ቃል ሳትኩ?» አለች መረዋ፣ ቀይ መብራቱ እንደጠፋ።

«አልሳቱም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምደግመው?»

«ያቺ ሴትዮ እያፈረች የጻፈችውን እርስዎ እየኮሩ ያነቡታል።»

መረዋ ፊቷ በእሳት የተለበለበ መሰላት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። «እባክህ አንቺ በለኝ። ስደበኝ ግድ የለም፣ ግን አንቺ በለኝ።»

መስታወቱን ዞሮ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶበት ኪሱ ከተታቸው።

«እሺ። አንቺ» አለ። «በሰማያዊው ኩባያ የተከፋሁ መስሎሽ ይሆናል። እሱንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ በየቤቱ አንድ አንድ ነበራት። እንዲያውም ትቀልድበት ነበር፤ ‹እኔ እኮ በዚህ ከተማ በየቤቱ የግል ኩባያ ያለኝ ሀብታም ነኝ› እያለች ታስቀን ነበር።»

መረዋ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ግራ ገባት። እሱ አልሳቀም።

«በወረቀቱ ነው የተከፋሁት። ሰማያዊውን የሰቀለው ሰው እኔን አያውቀኝም። ወረቀቱን የገዛሽው ግን አንቺ ነሽ። አስበሽ፣ ሱቅ ገብተሽ፣ መርጠሽ የገዛሽው አንቺ፣ የምታውቂኝ።»

«አንተን እንዳያዋርዱህ ብዬ ነው!»

«እናትሽን ላለማስቀየም ብለሽ ነው። እኔን ከእነሱ እኩል ለማስቀመጥ ድፍረት ስታጪ ሁሉንም ሰው ወደ እኔ አወረድሽው። ሁላችንም በሚጣል ዕቃ ጠጣን። ማንም አልተቀየመም፣ ማንም ምንም አልተጠየቀም፣ ከዚያ ተሰብስቦ ተጣለ። ብልሃትሽስ አይጣል ነው!»

እውነት ነበር፤ እሷ ራሷ እንኳ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያላወቀችው እውነት። ደግነት ብላ የያዘችው ነገር እጇ ላይ ሲቀየር ታያት።

«ምን ላድርግ? ንገረኝ። የምትለኝን አደርጋለሁ።»

«እሱንም እኔ ልንገርሽ? ተበዳዩም እኔ፣ አስተማሪውም እኔ?» ጸጥታ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አሁንም አላደረገም። «አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ጠርቶኛል፣ ሌላ ከተማ ነው። ይህ ምዕራፍ ተቀድቶ ሲያልቅ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። መጽሐፉን የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ሳይጨረስ አልሄድም።»

«ይህን ምዕራፍ ማንበብ እኔ አይገባኝም። ሌላ ሰው ያንብበው።»

«እሱ ይቀላል አይደል?» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «እስካሁን እንደ ዳኛ ነው ያነበብሽው። አሁን እንደ ተከሳሽ አንብቢው። አፍረሽ አንብቢው። ሐሙስ እንገናኝ።»

ሄደ። መረዋ ያልተቆረጠውን ፖም በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ የመዘምራን ልብስ እየተኮሱ ነበር። ነጫጮቹ ቀሚሶች በየወንበሩ ላይ ተዘርግተዋል፤ ክፍሉ በሞቀ ጨርቅ ሽታ ተሞልቷል። መረዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቆመች።

«እማዬ፣ እሑድ ዋሽቼሻለሁ።»

«ስለ ልጁ?» አሉ እናት፣ ካውያውን ሳያቆሙ።

«ታውቂ ነበር?»

«ሻይ ስትሰጪው እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለሠራተኛ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ራስሽ ሠራተኛ ያልሽውን እኔ ምን ልበለው?» እናት አንዱን እጅጌ ገልብጠው ዘረጉ። «እኔ አይደለሁ እንዴ ማን እንደሆነ የጠየቅኩት? ጠይቄሽ ነበር።»

መረዋ በር ተደግፋ ቆመች። ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ለእናቷ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር፤ ስለ ዘር፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ አሮጊቷ ሰባኪ። አንዱም ትዝ አላላትም።

«ያ ኩባያስ፣ እማዬ?»

«ምን ሆነ ኩባያው? ውሃ ከልክዬ አውቃለሁ? እናቴም እንደዚያው ታደርግ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«እኔም ጠይቄ አላውቅም።»

«አንቺማ መጽሐፍ አንብበሻል!» ካውያው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳላውቅ፣ ሳላፍር ስኖር ነው የኖርኩት። አንቺ ግን አወቅሽ። አፈርሽም። አፍረሽ ምን አደረግሽ? ሱቅ ሄደሽ መሸፈኛ ገዛሽ። ፌስታሉን አንጠልጥለሽ ስትገቢ ገብቶኛል እኮ! እንግዳ ፊት እናቴ ታሳፍረኛለች ብለሽ ነው። እስቲ ፍረጂ፣ ማናችን ነን የባስን?»

መረዋ ለመፍረድ አልቻለችም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ ያን አለች።

«እወደዋለሁ። ላገባው ነው የምፈልገው፤ እሱ ከፈለገኝ።»

«ነገ ልጅ ወልደሽ፣ ልጁ ያንን መልክ...» እናት ምላሳቸውን ነከሱ። የቀረውን ቃል ሁለቱም ሰሙት፣ ምንም እንኳ ባይነገር። እናት ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት አጡ። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ፤ ካውያው ሲነሳ በነጩ ቀሚስ ደረት ላይ ቡናማ ቅርጹን አትሞ ቀርቷል። ሴትዮዋ ያን ነጭ ልብስ በመዳፋቸው ሊያሹት ሞከሩ። አልለቀቀም።

«ሂጂልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እስቲ አሁን ሂጂልኝ።»

መረዋ ወደ ክፍሏ ገባች። እናቷን የምትጠላበት ምክንያት ፈልጋ ነበር የመጣችው። ይልቅስ በእናቷ ፊት ላይ ያየችው የገዛ ራሷን ፊት ነበር፣ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ የነበራትን።

ሐሙስ ከቤት ስትወጣ እናቷ ሰላምታ እንኳ አልሰጧትም። ጸጥታ ቀድሟት ገብቶ ነበር። ፖሙ ዛሬ የለም። የቀረጻ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጧል፤ የሱ ማዳመጫ፣ የሱ ገመዶች፣ የሱ ትንሽ መብራት ተጠቅልለው ገብተውበታል። መረዋ ካርቶኑን እንዳላየች ሆና ተቀመጠች።

«ድምፅ ልይ። ቁርስ ምን በላሽ?»

«ቁርስ አልበላሁም። እማዬ አኩርፋለች።» ማይክሮፎኑን ትክ ብላ አየች፣ እሱን ለማየት አቅም አልነበራትም። «ማን እንደሆንክ ነገርኳት። ሠራተኛ ብዬ እንደካድኩህም ነገርኳት። ምርቃት አላገኘሁም፤ ምርቃት ልትሰጠኝም አትችልም ምናልባት። ይህን የምነግርህ እንድትቀር አይደለም። እሑድ ቡድኑ ሲሰበሰብ ኩባያዎቹን ለምን እንደገዛሁ ለሁሉም እናገራለሁ፤ አንተ ብትኖርም ባትኖርም። እስከዛሬ ባንተ ያፈርኩ ይመስለኝ ነበር። ባንተ አይደለም። ስለ ፍትሕ ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሰዎች ሲያለቅሱ ደስ ይለኝ ነበር፣ ነገሩ እኔ ቤት ድረስ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ይቅርታ በለኝ አልልህም። አፈርኩ፤ ይኸው ነው። ድምፄ ይበቃል?»



«ይበቃል» አለ። ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። ቀይ መብራቱ በራ።

«ወንድሜ ብዬ የምጠራው ሰው በቤቴ ጸልዮአል...»

በዚህ ጊዜ ደወሉ አልጮኸም። ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ እየተሰነጠቀ ሄደ፣ አንዳንድ ቃል ላይ ቆም እያለ ተንገዳገደ። መረዋ ስለ አሮጊቷ ሰባኪ ሳይሆን ስለ ገዛ ወጥ ቤቷ ነበር የምታነበው። ሴትዮዋ «ፍቅርን ከአንደበቴ ወደ ሳህኔ ለማውረድ ዕድሜዬ አልበቃኝም» የምትልበት ላይ ስትደርስ እንባዋ ገጹ ላይ ወረደ። ጸጥታ አላስቆማትም። አንዴም «ይድገሙልኝ» ሳይላት ምዕራፉ አለቀ።

«ጸጥታ» አለ፣ እንደ ልማዱ።

ተያዩ። መሣሪያው የክፍሉን ባዶ ድምፅ እየቀዳ ነው። አንድ ሰው ልቡ እየተቃጠለ ትንፋሹን መቆጣጠር ምን ያህል እንደሚከብደው የሞከረው ያውቀዋል። እንባዋን መጥረግ አልቻለችም፣ የልብሷ መፋተግ ይሰማላ። እሱም ፊቱን ማዞር አልቻለም፤ ወንበሩ ይጮሃል። እንደዚያ ሆነው ሲተያዩ፣ የክፍሉ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ።

እናት ነበሩ። ደረጃው አድክሟቸው ያለከልካሉ። በአንድ እጃቸው ፔርሙስ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ሳትበላ ነው የወጣችው» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ ቁጣ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ ወደ ጸጥታ ዞሩ። «አንተ ነህ ሠራተኛው?»

ጸጥታ ተነስቶ ቆመ። «ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጄ ሌላ ነገር ነው የነገረችኝ።»

ጨርቁን ፈቱት። ከቁም ሳጥኑ ብርጭቆዎች አንዱ ነበር፣ ወርቃማ ከንፈር ያለው፤ እናት በሠርጋቸው የተቀበሉት፣ ለራሳቸው ልጅ እንኳ የማያወጡት። ሻይ ሲቀዱ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፔርሙሱ ከብርጭቆው ጋር ተጋጨ። ዘረጉለት። ዓይኑን ማየት አልቻሉም፤ የሸሚዙን ቁልፍ እያዩ ነበር የዘረጉለት።

ጸጥታ ብርጭቆውን ለአፍታ አየው። ተቀበለ። ቆሞ ግማሹን ጠጣና መልሶ ዘረጋላቸው።

«ቀሪው የእርስዎ ነው፣ እትዬ። እርስዎም ደክሞዎታል።»

እናቷ ብርጭቆውን ይዘው ቆሙ። የከንፈሩ አሻራ ወርቃማው መስመር ላይ ይታያል። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ሊያዞሩት ፈለጉ፣ ንጹሕ የሆነውን በኩል ሊፈልጉ፤ ጣታቸው ጀመረና መሐል ላይ ቆመ። አላዞሩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ መራራ መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ከዚያ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ይዘው አፋቸውን ሊጠርጉ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አፋቸውን ሳይጠርጉ መልሰው እጃቸውን አወረዱት፤ ፊታቸው እስከ ጆሮአቸው ድረስ በኀፍረት ቀላ።

ጸጥታ ሁሉንም አይቷል። ፈገግ አላለም፣ አላመሰገነም። ሁሉንም እንዳየ መረዋ አወቀች። ለእናቷም፣ ለራሷም፣ ሳይጠይቁ ስላስቆጠሩት ስለዚያ ሁሉ ዘመን አንገቷን ደፋች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር ይሆናል። ያፈረ ሰው ግን ደስታው ቶሎ አይመጣለትም።

ጸጥታ ወደ መሣሪያው ተመለሰና ማዳመጫውን አድርጎ የተቀዳውን መለስ ብሎ ሰማ። የበሩ ሲጥታ፣ የእናት ትንፋሽ፣ የፔርሙሱና የብርጭቆው መጋጨት ሁሉ ገብቷል።

«ጸጥታው ተበላሽቷል» አለ። «ምዕራፉ አላለቀም ማለት ነው። ነገ እንደገና እንቀዳዋለን።»

የክፍል ጸጥታ ለመቅዳት አንድ ደቂቃ እንኳ እንደማይፈጅ፣ አሁኑኑ እዚሁ ሊቀዳ እንደሚችል መረዋ ታውቃለች። እንደምታውቅ እሱም ያውቃል። ካርቶኑ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አልፈታውም፣ አላነሳውምም።

«ነገ» አለች መረዋ፣ ቀና ሳትል።